አንዴ ብቻ የሚሰማ ክር

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ብዙዬ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። በራፋቸውን ጠረጉ። ውሃው ሳይሄድ ሁለት ጀሪካን ቀዱ። ከጥጉ ሱቅ አራት ዳቦ ገዙ፤ ሁለቱ ለቤታቸው፣ ሁለቱ ለጎረቤታቸው ለአቶ ሳሊሕ። በደሴው ሆጤ ሰፈር ላይ ጉም ወርዶ ስለነበር የአቶ ሳሊሕ በር እስኪጠጉት ድረስ አይታይም። ዳቦውን በፌስታል አድርገው የመስኮቱ ብረት ላይ አንጠለጠሉና ሊመለሱ ዞሩ። ከዚያ ቆሙ። ከቤቱ ምንም ድምፅ አይሰማም ነበር።

በአሥራ ሁለት ዓመት ጉርብትና እንዲህ ያለ ጠዋት አያውቁም።

«አባ ሳሊሕ!» ብለው ተጣሩ። በሩን ሲነኩት ተከፈተ።

አቶ ሳሊሕ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ላይ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ኖረው፣ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ ዕቃውን ሁሉ ወደ ቤት አግብተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አሁን ወደ ጓዳ በሚያስገባው ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተኝተዋል። የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል።

ኢንስፔክተር ፈትሂያ ስትደርስ ሳጅን አብይ በር ላይ ጠበቃት። አብይ በዕድሜ ይበልጣታል፤ ቀልድ ይወዳል፤ አስከሬን ያለበት ቤት ውስጥ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ሐኪሙ ትናንት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ነው የሞቱት ይላል። ጃኬት ጎትተው ነው መሰል፣ ጥፍራቸው ውስጥ ሰማያዊ ክር አለ። የተሰረቀ ግን የለም። እንዴት እንደማይኖር አላውቅም፤ ይዩት እስኪ ይህን ሁሉ ዕቃ።»

ፈትሂያ አየችው። ሦስቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። አምፕሊፋየሮች፣ ሸክላ ማጫወቻዎች፣ በእጅ የተሠሩ ቁምሳጥን የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች። በአራተኛው ግድግዳ ላይ ከካሴት በፊት የነበሩት፣ በትልልቅ መጠቅለያ የሚጠቀለሉ የድምፅ ክሮች በየሣጥናቸው ቆመዋል። አቧራ የለም። ወለሉ ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ አልተነካም። ስፒከሮቹ ፊት ለፊት የተቀመጠው ወንበር አንድ ብቻ ነው።

መስኮቱ ሥር ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ሳያቋርጥ ይበራል። «አባ ሳሊሕ ደህና አደሩ?» «አባ ሳሊሕ ዛሬ ምነው ጠፉ?» «አብሽሩ፣ ኔትወርክ ነው የሚሆነው።»

«መቶ አሥራ ሁለት መልእክት» አለ አብይ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ስሞት ይህን ያህል ሰው አይጠይቀኝም። ሚስቴን ጨምሮ።»

ወይዘሮ ብዙዬ በር ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል።

«ትናንት ከሰዓት ጩኸት አልሰሙም እማማ?»

«ልጄ፣ የዚህ ሰው ቤት መቼ ጩኸት አጥቶ! አንዴ ዜና፣ አንዴ መንዙማ፣ አንዴ የማላውቀው አገር ዘፈን። ሁልጊዜ ሰው ያወራል፤ ሰው ግን የለም። ትናንትም ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሁለት ወንዶች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ቴአትር የከፈቱ መስሎኝ ወጤን ማማሰል ቀጠልኩ።» ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ሰው ነበር ማለት ነው?»

ፈትሂያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ቤታቸው የሚመጣ ሰው ያውቃሉ?»

«ማን ይመጣል? ልጃቸው ደጋን ከተማ ነው ያለችው። አሮጌ ዕቃ የሚነግደው ፈሪድ ብቻ ነው አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው። ትናንት ጠዋት ከረጢት አንጠልጥሎ ሲገባ አይቼዋለሁ።»

ፈሪድን ሱቁ አገኙት። አሮጌ ራዲዮኖች መሀል ቆሞ ጫት የያዘ ጉንጩን ወደ አንድ ወገን ገፋ አደረገ።

«ወላሂ ጠዋት ነበርኩ። ለማጫወቻቸው የሚሆን ጎማ አምጣልኝ ብለውኝ ወሰድኩላቸው። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ። ከሰዓት ኩታበር ቀብር ላይ ነበርኩ፤ መቃብር ቆፋሪው ራሱ እኔ ነኝ፤ አርባ ሰው ይመሰክራል።»

«ዕቃቸውን ልትገዛ ትለማመጣቸው ነበር ይባላል።»

«ለማን ልሸጠው ኢንስፔክተር? የኔ ደንበኛ መልክ ነው የሚገዛው። ውስጡን ዘርግፌ የአበባ ማስቀመጫ አደርግለታለሁ። ይህን የነገርኳቸው ቀን አባ ሳሊሕ አለቀሱ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

አርባው ሰው መሰከረ።

ሀስና ከደጋን የደረሰችው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ የአቶ ሳሊሕ ብቸኛ ልጅ። አባቷን ሆስፒታል አይታ፣ ጣቢያ መጥታ፣ የተሰጣትን ወንበር ይዛ ቆመች። የጠየቀችው ስለ ገዳዩ አልነበረም።

«ክሩ አለ?»

«የቱ ክር?»

«የእናቴ። እናቴ ሁስኒያ እኔን በወለደች በአርባ ቀኗ ሞተች። ፎቶ እንኳ የላትም። እኔን ከማርገዟ በፊት ግን አባቴ ኩታበር እናቷ ቤት ስታወራ ቀድቷታል። ሃያ ደቂቃ።» ወንበሩን ለቀቀችው። «አርጅቷል፤ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ ይፈርሳል ይለኝ ነበር። ምን እንጠብቃለን ስለው፣ ሁለታችንም ደህና የምንሆንበትን ቀን ይላል። እንዲህ ስንል ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። በመጪው ረመዳን አብረን ልንሰማው ቃል ተገባብተን ነበር።»

«ሣጥኑን ታውቂዋለሽ?»

«አሳይቶኝ አያውቅም። ይሰርቁኛል ብሎ ሳይሆን፣ ካየሁት እንዳልታገሥ ነው።»

ፈትሂያ የአቶ ሳሊሕን ክሮች የሚያውቁ ሰዎች ማግኘት ነበረባት። አንዳቸውም በሩን ረግጠው አያውቁም። በቴሌግራም አርባ አንድ ሆነው የሚሰባሰቡ የሸክላና የክር ወዳጆች ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ይኖራሉ። በቅርብ ያሉት ሁለት፣ ሁለቱም ኮምቦልቻ፦ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን የሆነው ጋሹና ጫጩት እያስፈለፈለ የሚሸጠው ዑዘይር። ጋሹ ሲደወልለት በግማሽ ቀን ፈቃድ ወጥቶ መጣ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የአቶ ሳሊሕ ቤት በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል አብይ ከለከለው።

«ስንት ዓመት ትተዋወቃላችሁ?»

«ስድስት።»

«ከኮምቦልቻ እዚህ ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ቀን አልመጡም?»

ጋሹ አሰበ። «በየቀኑ እንገናኝ ነበርኮ» አለ። ከዚያ ጫማውን እያየ፣ «ልመጣ ነበር» አለ።

ስልኩን ከፍቶ አቶ ሳሊሕ እሑድ ለቡድኑ የላኩትን ፎቶ አወጣ። መደርደሪያው ፊት ቆሞ ከሣጥን ሣጥን እያነጻጸረ ሄደ። ለመቁጠር አልተቸገረም፤ ክፍሉን ሲያልመው የኖረ ሰው ይመስል ነበር።

«ከላይ ሁለተኛው ረድፍ። ከግራ ዘጠነኛው፣ ቡናማው ሣጥን። የለም።»

«ክፍተት ግን የለም።»

«አስጠግተውታል። መሀል ላይ ክፍት ከተተወ ጎረቤቱ ሣጥን ዘንበል ይላል፤ ዘንበል ብሎ የከረመ ክር ይጣመማል። እኛ አንድ ስናወጣ የቀረውን ሁልጊዜ…» ጋሹ አልጨረሰውም። እጁን ከመደርደሪያው ላይ አነሣ።

«እናንተ» አለች ፈትሂያ።

«እኛ» አለ ጋሹ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ጋሹ ራሱ ማክሰኞ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበር የፋብሪካው በር መዝገብ ያሳያል። ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ሳሊሕ በሚቀበሩበት ሰዓት፣ ፈትሂያና አብይ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ።

ዑዘይር ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱም ብቻውን ይኖራል። ዓይኑ ያበጠ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ ወገን ስፒከሮች፣ በሌላው ወገን የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን። ክፍሉ ይሞቃል። ወለሉ ላይ ስድሳ ያህል እንቁላል በትሪ ተደርድሯል።

«አላህ ይዘንላቸው» አለ። «አባቴ ነበሩ ማለት ይቻላል። ቀብሩ ላይ መቆም አልችልም ብዬ ነው የቀረሁት።»

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ይኸው» ብሎ ስልኩን ሰጣት። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ለቡድኑ የላከው ቅጂ ነው፤ ከሥሩ «አሁን፣ ከቤቴ። አዲሱ ስፒከር ነው፣ ፍረዱኝ» ይላል። የማሲንቆ ድምፅ ነው። ሌሎቹ አድናቆታቸውን ደርድረውበታል።

ፈትሂያ እንቁላሎቹን ስታይ ዑዘይር ቀደም ብሎ መለሰ። «የማይፈለፈሉ ናቸው። ይጣላሉ።»

«ሰማያዊ ጃኬት አለህ?»

«ማን የሌለው አለ ኢንስፔክተር?»

አብይ መኪናው ውስጥ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጃኬቱ እኔም አለኝ። ስልኩ የት እንደነበር ቴሌን በደብዳቤ ጠይቀናል፤ መልሱ እስኪመጣ ጫጩቶቹ ዶሮ ይሆናሉ።»

ፈትሂያ በዚያ ምሽት የቡድኑን መልእክቶች አነበበች። ቤቷ ስትገባ ራዲዮ የመክፈት ልማድ የላትም፤ ጸጥታው ለንባብ ይመቻል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሽቦ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ መርፌ ተጻጽፈዋል። አቶ ሳሊሕ ብቻቸውን ይኑሩ አይኑሩ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። አንዱ የሌላውን ልጆች ስም አያውቅም። ግን አንዱ ስፒከር ሠርቶ ሲያበቃ አርባዎቹ ሥራ ፈትተው ያዳምጡለታል። እሷን እንዲህ ያዳመጣት ሰው ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ማንበቧን ቀጠለች።

ከማክሰኞው ቅጂ ሥር ጋሹ አንድ መስመር ጽፎ ነበር፦ «ዑዘይር፣ እንኳን ማሲንቆው፣ ከኋላ የመስጊዱ አዛን እንኳ እንዴት ጠርቶ ይሰማል!»

ዓርብ ጠዋት ጋሹን የጆሮ ማዳመጫውን ይዞ እንዲመጣ ጠየቀችው። ቅጂውን ሦስት ጊዜ ሰማች። በስልክ የማይሰማው፣ ከማሲንቆው በስተኋላ፣ እሩቅ፣ በተከፈተ መስኮት የገባ ድምፅ ነበር።

«አቶ ጋሹ፣ ይህ አዛን የስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ? ክርስቲያን ነኝ። የከሰዓቱ አይደለም?»

«አሶላቱ ኸይሩን ሚነን ነውም፤ ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል ይላል። ይህ በቀን አይባልም። ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው።»

አብይ ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ትዝ አለው። «ኢንስፔክተር፣ ያ ማሽን ላይ የሚበራውን የሙቀት ቁጥር አይተዋል? ሃምሳ አራት ይላል። ሚስቴ ጫጩት ታስፈለፍላለች። ከሠላሳ ስምንት ካለፈ መንደሩ እስኪሰማ ትጮኻለች። በሃምሳ አራት እንቁላል አይፈለፈልም፤ ይበስላል።»

ዑዘይር በሩን ከፍቶ ሲያያቸው አልተገረመም።

«ማክሰኞ ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ ብለኸናል» አለች ፈትሂያ።

«ቅጂውን ሰምተውታል።»

«ሰምቼዋለሁ። ከኋላው ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል ይላል።»

«እኔ ፊት ያለውን ብቻ ነበር የማዳምጠው» አለ ዑዘይር። «ጠዋት የቀዳሁትን ነው ታክሲ ውስጥ ሆኜ የላክሁት።»

«ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?»

አብይ ክዳኑን ከፈተው። ሙቀት ወጣ። እንቁላል በሚደረደርበት ወንፊት ላይ አንድ የክር መጠቅለያ ተኝቷል። ባዶው ቡናማ ሣጥን አጠገቡ ነው።

ዑዘይር ወለሉ ላይ፣ ከእንቁላሎቹ አጠገብ ተቀመጠ።

«አምና የሐዋሳውን ልጅ ክር በዚህ ማሽን አዳንኩት። ሙጫው ረጥቦ ማጫወቻው ላይ የሚጣበቅ ክር ነበር፤ ስምንት ሰዓት አሙቄ ሰጠሁት፣ የአያቱን ድምፅ ሰማ። አርባ ሰው አመሰገነኝ። ወላሂ፣ በሕይወቴ አርባ ሰው አመስግኖኝ አያውቅም። አባ ሳሊሕንም ለመንኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ። ክሩን ስጡኝ፣ አድኜ፣ በፍላሽ አድርጌ፣ በፈለጉት ቁጥር ይሰሙታል አልኳቸው። ይህ ለሙቀት አይደለም አሉ። ፈርተው ነው ብዬ ያሳዩኝን ሣጥን አነሣሁ። ጃኬቴን ያዙኝ፤ ተመነጨቅኩ።»

«ወደቁ።»

«በክርናቸው ተነሡ። ሂድ አሉኝ። ይነሣሉ ብዬ ሄድኩ።»

«ከመሄድህ በፊት ሣጥኖቹን አስጠጋህ።»

«ዘንበል ይላሉ» አለ።

«ሰውየው መሬት ላይ ወድቀው?»

ዑዘይር ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«መሞታቸውን መቼ ሰማህ?»

«ረቡዕ። በግሩፑ። እኔም አላህ ይዘንላቸው ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ፣ ቢያንስ ድምፁን ላድን ብዬ አሞቅሁት። አልሆነም፤ ይበልጥ ደረቀ። ሙቀቱ አልበቃው ይሆናል ብዬ ደገምኩት።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሹ የራሱን ማጫወቻ ተሸክሞ ጣቢያ መጣ። ክሩ ፎቶ ተነሥቶ ተመዝግቧል፤ ዐቃቤ ሕጉም እንዲጫወት ፈቅዷል። ሀስና አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

ጋሹ መጠቅለያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ብርሃኑ በክሩ ውስጥ አለፈ።

«ሁለት ዓይነት አለ» አለ። «ብርሃን የማያሳልፈውን ሙቀት ያድነዋል። የሚያሳልፈውን ይገድለዋል። አባ ሳሊሕ ያውቁ ነበር። ዑዘይር አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያየው።» የክሩ ጫፍ እንደ ደረቀ ልጣጭ ተጠቅልሎ ነበር። «እመቤቴ፣ ብጀምረው ይበጠስ ይሆናል። ባልጀምረውም ከቀን ወደ ቀን ይብሳል። እርስዎ ይወስኑ።»

ሀስና ወደ ፈትሂያ ዞረች።

«ባልሽ ሞቷል አሉኝ። ድምፁ አለሽ?»

«ስልኬ ውስጥ ነበር» አለች ፈትሂያ። «ስልኩ ተበላሸ።»

ሀስና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላት። ፈትሂያ ተቀመጠች።

«አጫውተው» አለች ሀስና።

ጋሹ ክሩን በጣቶቹ ጫፍ አስገባ። ስልኩንም ለመቅጃ ደገነ። አብይ በሩን ዘጋ። መጀመሪያ የሚያንሿሿ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የሰሃን ኳኳታ፤ ከዚያ ሳቅ ያፈነው የአንድ ወጣት ድምፅ፦ «ሁስኒያ፣ በይ ተናገሪ እንጂ። አትፍሪ፣ አይነክስም።»

ክሩ ተበጠሰ።

ጋሹ ቀጠለው። ግማሽ ዙር ሳይዞር ተበጠሰ። እንደገና ቀጠለው። እኩለ ቀን ሲሆን ጠረጴዛው ከጣት ያጠሩ ቡናማ ቁርጥራጮች ሞሉት፤ ሲነኩም ይፈረፈሩ ነበር። ጋሹ እጆቹን ጭኑ ላይ አኖረ።

«የተናገረው ማን ነው?» አለች ሀስና።

«አባትሽ» አለች ፈትሂያ።

«ልጅ ነበርኮ» አለች ሀስና። አብይ እስከ መኪና መናኸሪያ ሸኛት።

ፈትሂያ ከሰዓት መዝገቡን ጻፈች። ከሃያው ደቂቃ ዘጠኝ ሰከንድ ተቀድቷል። በውስጡ የአቶ ሳሊሕ ድምፅ አለ። የሁስኒያ ድምፅ የለም።